ማጥፊያው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው

ኢስማኢል በቤቱ በር ላይ ደወል የገጠመው በገዛ እጁ ነው። ግሩም ደወል ነው፤ በባትሪ ይሠራል፣ ሲጫኑት እንደ ጫጩት ጭው ጭው ይላል። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ የሚጫነው ሰው የለም። ስለዚህ ባትሪው መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ሐሙስ ሐሙስ ራሱ ወደ ኮሪደሩ ይወጣና፣ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ አንዴ ተጭኖ ይገባል። እኔ ብሆን ነቅዬ እጥለው ነበር። እሱ ግን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ደክሞ የሠራውን ነገር አይጥልም።

የሚኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚስቱ ዚነት ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንዲት ልጁ ሪሐና ሀዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። «አባዬ፣ በልተሃል?» ትለዋለች። «በልቻለሁ።» «መብራት አለ?» «አለ።» እንዲህ ተባብለው ይዘጋሉ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና መካኒክ ነበር። እንጀራው ያ ነበር፤ ፍቅሩ ግን ሌላ ነው።

ፍቅሩ አምፕሊፋየር ነው። ከተጣለ ቴፕ ትራንስፎርመሩን፣ ከሞተ ቴሌቪዥን የሚጠቅመውን ሁሉ ነቅሎ፣ የጎደለውን ገዝቶ፣ በይዶና ገጣጥሞ ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን ይሠራል። አይሸጠውም። ሲያልቅለት አንድ መንዙማ ይከፍትበታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ በሳምንቱ ፈትቶ ሌላ ይጀምራል። ዚነት በሕይወት ሳለች «ይሄ ሰውዬ የሚፈታው ነገር ሲያጣ ነው የሚገጥመው» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

ጨዋታው ግን የልጅ ጨዋታ አይደለም። በባትሪ በሚሠራ ነገር ላይ ቢሳሳቱ የሚቃጠለው ዕቃው ነው፤ ከግድግዳ በሚመጣው ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቢሳሳቱ የሚቃጠለው ሰውየው ነው። ኢስማኢል ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የጎማ ጫማ ሳያደርግ ጠረጴዛው ጋ አይቀርብም። ሰዓቱን ያወልቃል። ሽቦ ሲነካ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ምክንያቱም መብራት በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ሶኬት ነቅሎም ወዲያው አይነካም፤ ካፓሲተር የሚባለው ትንሽ በርሜል መሳይ ዕቃ ከተነቀለ በኋላም መብራት በሆዱ ይዞ ይቆያልና፣ አፍስሶ፣ ለክቶ፣ ከዚያ ነው እጁን የሚሰደው። ሽቦን በቀለሙ አያምንም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ይህችን ተረት ሲናገር ደግሞ ደረቱ ነፋ ይላል።

ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበረው። ብቻውን ሆኖ ሁለት መቶ ሃያውን አይነካም። መብራት የያዘው ሰው ራሱን ማስጣል አይችልም፤ እጁ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። የሚያስጥለው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማጥፊያው አጠገብ መቀመጥ አለበት።

ያ ሰው ፊሊጶስ ነበር። ፊሊጶስ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበር፤ ከወላይታ ሶዶ በወጣትነቱ መጥቶ አዲስ አበባ ያረጀ፣ ዝምተኛ አይሉት ተናጋሪ፣ ሲያወራም ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ጎፋ ሳሉ የሁለቱ ቤት በአንድ ግድግዳ ነበር የሚለየው። ስለ መብራት የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሲጠፋ መጨለሙን ብቻ ነው። ግን የተቀመጠበትን ቦታ ጥሎ አይነሳም፣ ይሄ ደግሞ ከዲግሪ ይበልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከጎኑ ኢስማኢል የሠራት ጣውላ አለች፤ ጣውላዋ ላይ አንድ ባለ ቀይ እጀታ ማጥፊያና መብራት መኖሩን የምታሳይ ትንሽ አምፖል ተገጥመዋል። ከግድግዳው የመጣው መብራት በጣውላዋ አልፎ ነው በረጅም ገመድ ወደ ሥራ ጠረጴዛው የሚሄደው። ኢስማኢል ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራል፤ ፊሊጶስ በየመሃሉ «ኢስማኢል?» ይላል፤ ኢስማኢል «እህ» ይላል። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ «እህ» ካላለ፣ ወይ «አጥፋ!» ካለ፣ ቀዩ እጀታ ወደ ታች። ሥራው ይኸው ነው።

በመሃል በመሃል ፊሊጶስ ስለ ጨርቅ ያወራል፤ ያለ ልኩ ስለተቆረጠ ስለ አንድ አለቃ ሱሪ ያወራል፤ ሲደክመው ቀስ ብሎ መዝሙር ያንጎራጉራል። «ዝማሬህን ቀንስ፣ ትራንስፎርመሩ ሲያጉረመርም አልሰማ አልኩ» ይለዋል ኢስማኢል። ፊሊጶስም «ጌታ ይቅር ይበልህ» ብሎ ይቀጥላል። ኢስማኢል ኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ጀሞ ሲገባ ብዙ ሰው ይለያያሉ ብሎ ነበር፤ አልተለያዩም። ፊሊጶስ ከጎፋ ተነስቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ታክሲ ቀይሮ፣ ተጋፍቶ፣ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አራተኛው ፎቅ ላይ ከች ይላል። ዚነት የሞተች ሰሞን እንኳ አልቀረም። ያን ሰሞን ሥራ አልነበረም፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ውሎ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ኢስማኢል ከቤቱ ያባረረው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ጀምሮ ነበር። ከሥራው መሃል ሻይ አሰኛቸውና፣ ውኃ ማፍያው የሚሰካበት ሌላ ቦታ ስላልነበረ፣ ኢስማኢል የጣውላዋን ሶኬት ነቅሎ ማፍያውን ሰካ። ሻዩ ተጠጣ። ዙሁር ደረሰ። ውዱእ አደረገ፣ እጅ እግሩን ታጠበ፣ ሰገደ፣ ከዚያ ጣውላዋን መልሶ ሰክቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እግሩ እርጥብ ነበር፤ የጎማ ጫማው በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቀርቷል። የሃያ ዓመት ጥንቃቄ በአንድ ጥንድ ጫማ ሲረሳ አያችሁ? አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንዲት ጫፍ በቀኝ እጁ ነካ፣ መብራቱም ያዘው።

«አጥፋ!» ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አይደለም። ጥርሱ ተነካከሰ። ከኋላው የወንበር መንኳኳት ሰማ፤ ቀጥሎ የፊሊጶስን «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ አሁንም እንደያዘው ነው። አልቆጠረም፣ ሊቆጥርም አይችልም፤ ለእሱ ግን ዕድሜ ነበር። በኋላ ፊሊጶስ ሶኬቱን ከግድግዳው ከነመሸፈኛው ሲቦጭቀው ለቀቀውና ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሁለት ጣቱ እስከ ሥጋው ተቃጥሎ ነበር።

«ለምን አላጠፋህም?» ነበር ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል። አልሐምዱሊላህ አላለም፣ አመሰግናለሁ አላለም።

«አጥፍቼው ነበር» አለ ፊሊጶስ።

«አጥፍተኸው ቢሆን ይይዘኝ ነበር? እ? ንገረኝ እስቲ! መብራት የለም፣ መብራት ግን ያዘኝ? ዓይንህ ስልክህ ላይ ነበር!»

ፊሊጶስ ስልኩን አየ። እውነት ነው፣ ስልኩ በእጁ ነበር። መልእክት ገብቶለት አንዴ አየት አድርጎ ነበር፤ ከጩኸቱ በፊት ይሁን በኋላ ግን አላስታወሰም። ክሊኒክ ወስዶት፣ የኢስማኢል ጣት ተጠቅልሎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ካሰበ በኋላ «ዘግይቼ ይሆናል፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። እስኪ ይህን የመሰለ ይቅርታ ማን ይመልሳል? ኢስማኢል መለሰው። «በሰው ነፍስ የሚቀልድ ሰው ቤቴ አይመጣም» አለ። ፊሊጶስ በመጀመሪያው ወር አራት ጊዜ ደወለ፤ ኢስማኢል አላነሳም። ከዚያ ስልኩ ጸጥ አለ።

ኩርፊያው እስከዚህ ይሄዳል ብሎ ኢስማኢልም አላሰበም። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ነገር አለ። ወር ወርን እየወለደ ሁለት ዓመት ሞላ፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት ኢስማኢል ሁለት መቶ ሃያ ነክቶ አያውቅም። ሕጉ ሕግ ነው፤ ማጥፊያው አጠገብ ሰው ከሌለ ሥራ የለም። ባዶዋን ወንበር ባያት ቁጥር ተናደደ ይሁን ናፈቀ ለራሱም አይለይለትም። ትልቁ አምፕሊፋየር እንደተከፈተ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። በባትሪ የሚሠራ ነገር ብቻ ነበር የቀረለት፤ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ያ ደወል።

ምትክ አልፈለገም እንዳትሉ። የብሎኩን ጥበቃ ለምኖት ነበር፤ ጥበቃው መጣ፣ ወንበሯ ላይ ተመቻቸ፣ ኢስማኢል ገና ሽቦ ሳያወጣ ማንኮራፋት ጀመረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ጎረቤቱን በኃይሉንም ጠይቆት ነበር። በኃይሉ ሥራው ምን እንደሆነ በጥሞና ሰምቶ «ጋሽ ኢስማኢል፣ ቢሞቱብኝስ? ፖሊስ የሚይዘው እርስዎን ሳይሆን እኔን ነው» አለ። እውነቱን ነው። በመቶ የሚቆጠር ሰው በሚኖርበት ብሎክ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ማጥፊያ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ማጣት፣ እሱ ነው ብቸኝነት። እስከዚያ ቀን ድረስ ኢስማኢል ሐዘን እንጂ ብቸኝነት ያለበት አይመስለውም ነበር።

ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ደወሉ አይደለም፣ በሩ፤ በቡጢ። ሲከፍት ፊት ለፊት ካለው ቤት የምትኖረው ቤዚ ናት፤ ሀይሌ ጋርመንት የውበት ሳሎን ውስጥ የምትሠራ፣ ሰው ሳይመልስላት ሦስት ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት አሉ የሚሠሩት? ይቺ ፒያስትራ ጉድ አፍልታለች፣ ፀጉር እየተኮስኩ ትነዝረኛለች፣ ትናንትማ ደንበኛዬንም ነዘረቻት፣ ከወንበር ዘልላ ልትወድቅ! ይሠሩልኛል?»

ኢስማኢል የፀጉር መተኮሻውን ተቀብሎ አገላበጠ። ገመዱ ሥሩ ላይ ተበልቷል፤ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። እጁን በላው። ሁለት ዓመት ነው። «ሳልሰካ አይገባኝም፣ ብቻዬን ደግሞ አልሰካም» አላት።

«ምን ችግር አለው፣ እኔ አለሁ አይደል? ዛሬ ሰኞ ነው፣ እረፍት ነኝ።»

አለሁ አለችው እንዲህ በቀላሉ። ኢስማኢል ጣውላዋን ከአልጋ ሥር አወጣ፣ አቧራዋን ጠረገ፣ በአዲስ የቀየረው የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካ፣ ቤዚን ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። ጫማውን አደረገ፤ አሁን ጫማውን አይረሳም። ልጅቷን ግን አላመናትም። ፊሊጶስን ሃያ ዓመት አምኖት ምን ሆነ? ስለዚህ ሥራ ሳይጀምር ሊፈትናት ፈለገ።

«አጥፊ ስልሽ ቀዩን ወደ ታች። ሌላ ነገር የለም። እኔ በቴስተር አየዋለሁ» አለና ጀርባውን ሰጥቷት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ቴስተር ጫፉ መብራት ያለበትን ሽቦ ሲነካ ሆዱ ውስጥ ቀይ ብርሃን የሚያበራ ጠመንጃ መፍቻ ነው። ከገመዱ ጫፍ ባለው ሶኬት ቀዳዳ ከተተው። በራ። «አጥፊ!»

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ቴስተሩ እንደበራ ነው።

«አጥፊ እንጂ!»

«አጥፍቻለሁ ጋሼ።»

«አላጠፋሽም! እዚህ እየበራ ነው፤ ስልክሽን አስቀምጪና ሥራሽን ሥሪ!»

ፊሊጶስ ቢሆን ዝም ይል ነበር። ቤዚ ግን ፊሊጶስ አይደለችም። «የምን ስልክ? ስልኬ ቤት ነው! ቤዚ ትሙት አጥፍቻለሁ! ያቺ አምፖልም ጠፍታለች። ዞር ብለው ማየት ነዋ፣ ጀርባዎን ሰጥተው ይቆጡኛል እንዴ?»

ኢስማኢል ዞር አለ። ቀዩ እጀታ ወደ ታች ወርዷል። አምፖሏ ጠፍታለች። ወደ ጠረጴዛው ተመለከተ፤ ቴስተሩ ቀዳዳው ውስጥ እንደቆመ ነው። ጣቱን የቴስተሩ እጀታ ጫፍ ላይ አሳረፈ፤ በራ።

ቀስ ብሎ ተነሳና ግድግዳው ጋ ሄደ። ሶኬቱን ነቀለው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ሰካው። «አብሪው» አላት። አበራች። «አጥፊው።» አጠፋች። ቴስተሩን በሁለቱም ቀዳዳ ከተተ፤ ጨለማ ነው። ሶኬቱን እንደገና ገለበጠ፤ እጀታው ታች ሆኖ፣ አምፖሏም ጠፍታ፣ ቴስተሩ በራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳ የሚመጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መብራት የሚያመጣው፣ ሰው የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው መመለሻው ነው። የኢስማኢል ማጥፊያ የሚቆርጠው አንዱን ብቻ ነበር። ጎፋ ሳሉ ጣውላዋ ከግድግዳው ጋር በቋሚነት ታስራ ስለነበር የምትቆርጠው ትክክለኛውን ነው። ጀሞ ሲገባ እሱ ራሱ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ገጠመላት፤ ሶኬቱ ደግሞ በዚህም በዚያም ይሰካል። በአንዱ በኩል ሲሰካ ማጥፊያው ያድናል። ሲገለበጥ መመለሻውን ብቻ ይቆርጥና አምፖሏን አጥፍቶ፣ ገዳዩን ሽቦ ሕያው እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሁለቱንም በአንዴ የሚቆርጥ ማጥፊያ ገበያው ውስጥ ሞልቷል፤ ያኔም ሞልቶ ነበር። ሽቦ በቀለሙ አያምንም የተባለው ሰውዬ የገዛ ጣውላውን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠራትም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄ ነው።

ያን ቅዳሜ ከሻዩ በኋላ ሶኬቱን ገልብጦ የሰካው ማን ነበር? ኢስማኢል። ፊሊጶስ አጥፍቶ ነበር። አጥፍቶ፣ አለመልቀቁን አይቶ፣ ሮጦ ሶኬቱን ከግድግዳ ቦጨቀ። ሁለት ጊዜ ነው ያዳነው።

«ተገኘ እንዴ ችግሩ?» አለች ቤዚ፤ ፊቱን አይታ ድምፅዋ ወረደ።

«ተገኘ።»

«የፒያስትራዋ?»

«የኔ» አላት። መተኮሻዋን እንዳትሰካት አስጠንቅቆ፣ ሌላ ቀን እንደሚሠራላት ነግሮ ሸኛት። ከዚያ ባዶዋ ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። እዚያች ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ከዚያ ሲታይ የሚታየው ነገር የሥራ ጠረጴዛው ወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ፊሊጶስ ሃያ ዓመት ያየው የእሱን ጀርባ ነው። አለቀሰ፤ ምን ይደብቃል፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ግን ሰው ክፉ ነው። እንባው ሳይደርቅ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ማን አየ? ቤዚ ነገሩ አልገባትም። ፊሊጶስ ጥፋቱን በራሱ አፍ አምኗል። ማጥፊያውን ቀይሮ፣ አፉን ዘግቶ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ትክክለኛው ሰው ሆኖ መኖር ይችላል። ማክሰኞን እንዲህ እያሰበ ዋለ፤ ረቡዕንም ደገመው። ሐሙስ ደወሉን ሊሞክር ሲወጣ እጁ መሃል ላይ ቀረ። እውነቱን ይዞ ብቻውን እዚህ ኮሪደር ላይ ማርጀቱ ታየው፤ ትክክለኛ ሰው፣ የሚጠራው የሌለው። ነገሩን ተናግሮ ፊሊጶስን መልሶ ለማግኘት መሞከር አለበት፤ ያለዚያ ወንበሯ ባዶዋን ትቀራለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጣውላዋን ከነሶኬቷ በብብቱ ይዞ ወጣ። በቃል ብቻ መናገሩን ፈርቷል፤ ስለዚህ ሊያሳየው ነው። ታክሲው ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፤ ረዳቱ «ፋዘር፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ሰው ይወጋል እኮ» እያለ አጉረመረመ። ሀይሌ ጋርመንት ላይ ወርዶ ሲቀይር ይህን መንገድ በዚህ አቅጣጫ ሄዶ እንደማያውቅ ገባው። ሁልጊዜ የሚመጣው ፊሊጶስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እስኪ ዛሬ እኔ ልምጣ» አላለም።

ጎፋ፣ በሩን የከፈተችው የፊሊጶስ ሚስት ሣራ ናት። አየችው፤ ጣውላዋንም አየች። «ደግሞ ይቺን ይዘህ መጣህ?» አለችው። ግን ከበሩ ዞር አለችለት፣ የጨዋ ልጅ ናትና ሰው ከደጅ አትመልስም።

ፊሊጶስ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አርጅቷል። ወለሉ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ላይ አንዲት ሕፃን በጣሳ ክዳን ትጫወታለች። «ሰላም ነህ?» ተባባሉ። ኢስማኢል መቀመጥም አልቻለም። ጎንበስ ብሎ ጣውላዋን ከሕፃኗ ርቆ ግድግዳው ላይ ሰካት፣ ቴስተሩን አወጣ። «እይ» አለ። አጠፋ፤ አምፖሏ ጠፋች፤ ቴስተሩም ጨለመ። ሶኬቱን ገለበጠ። አጠፋ፤ አምፖሏ ጠፋች፤ ቴስተሩ በራ። ደገመው። ሦስተኛ ሊያደርገው ሲል ቴስተሩን አስቀመጠው።

«ሶኬቱን ገልብጬ የሰካሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከሻዩ በኋላ። አጥፍተኸው ነበር ፊሊጶስ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጣውላዋም የኔ፣ እጁም የኔ። ያዳንከኝን ሰው ሰድቤ አባረርኩህ።»

ፊሊጶስ የጠፋችውን አምፖል አየ። «አጥፍቼው ነበር?»

«ወላሂ አጥፍተኸው ነበር።»

«መስሎኝ ነበር» አለ ፊሊጶስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እጄ ሲያጠፋው ትዝ ይለኝ ነበር። ግን መብራት የምታውቀው አንተ ነህ። አላጠፋህም ስትለኝ፣ እጄን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ሣራ ዝም ማለት አልቻለችም። «ታውቃለህ ምን እንዳደረግከው?» አለች። «ያን ሰሞን መቀሱን አስቀመጠ፤ ጨርቅ መቁረጥ ተወ። እጄ ይዘገያል ይላል። ይቺ የልጃችን ልጅ ያኤል ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፣ አንድ ቀን አቅፏት አያውቅም። ስሰጠው ይሸሻል፤ ብትወድቅብኝስ፣ ባልደርስስ ይለኛል። አያቷ ነው እኮ!»

ጣቴ ተቃጠለ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያለቅስ የኖረው ኢስማኢል ነበር፤ ለካ ሁለቱንም እጁን የተቀማው ሰው ጎፋ ውስጥ ተቀምጧል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ፊሊጶስ ቆይቶ። ከልቡ ነው፤ ቂም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ግን ጀሞ አልመጣም። ማጥፊያ አጠገብ ከእንግዲህ አልቀመጥም ኢስማኢል። ልቤ አይችልም፤ ሌላ ሰው ፈልግ።»

ኢስማኢል ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሊነግረው አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ይህን ለመናገር የቀረ መብት የለውም።

ከዚያ ፊሊጶስ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አምጪያት እስኪ» አላት።

ሣራ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሕፃኗን ከምንጣፉ አንስታ፣ እሷም ፈራ ተባ እያለች፣ ጭኑ ላይ አኖረቻት። ፊሊጶስ ክንዱን ከሥር አስገባ፣ በሌላኛው እጁ ጀርባዋን ደገፈ፣ እንደ ውድ ጨርቅ ሰብሰብ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ያኤል የጣሳውን ክዳን አፉ ላይ ስታሳርፍበት ዓይኑን ጨፈነ።

ኢስማኢል ሊሄድ ነው። እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፤ ሁለት ጣቱ የተሸበሸበውን ቀኙን። ፊሊጶስ ዓይኑን ገልጦ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ሕፃኗን አየ።

«ይዣታለሁ» አለ። «አሁን አልለቃትም።»

«አትልቀቃት» አለ ኢስማኢል። እጁን መለሰና፣ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ።